ፍቅር በፋይል ሲመዘን፦ የቫቲካን የቅዱሳን ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አገልግሎት ሲገመገም

«የእኛ አባት እኮ ቅዱስ ነበሩ፤ ለምን አይታወጅላቸውም?» የሚል ጥያቄ በካቶሊክ ቁምስናዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ይነሣል። መልሱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሮም ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ መግቢያ አጠገብ፣ ፒያሳ ፒዮ አሥራ ሁለተኛ በሚባለው ቦታ ቁጥር 10 ላይ ይገኛል። የቅዱሳን ጉዳይ ዲካስተሪ ይባላል። ሥሩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ሲክስቶስ አምስተኛ በ1588 ካቋቋሙት የሥርዓተ አምልኮ ጉባኤ ይመዘዛል፤ በ1969 ራሱን ችሎ ወጣ፤ ዛሬ የሚሠራበትን ሕግ ደግሞ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ በጥር 1983 አወጡለት። ዓመታቱም ወራቱም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ግምገማ የተጻፈው ጉዳይ ለመክፈት ለሚያስቡ ቁምስናዎች፣ ገዳማትና ማኅበራት ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። በዚህ አገልግሎት ውስጥ ምስጋና የሚገባው ክፍል ካርዲናሎች የሚቀመጡበት አይደለም፤ በሀገረ ስብከት ደረጃ ምስክሮች ስለ ፍቅር አንድ በአንድ የሚጠየቁበት ነው። ትልቁ ጉድለቱ ደግሞ ወረቀት ያልተወውን ፍቅር ማየት አለመቻሉ ነው። ገንዘቡና ርዝመቱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

የሚመዘነው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ተአምር ይመስለዋል። ተአምር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የካቶሊክ ትምህርት ቅድስናን የሚያቆመው በጾም ብዛት ወይም በራእይ ላይ ሳይሆን በፍቅር ላይ ነው፤ በመጀመሪያ ለእግዚአብሔር፣ ከዚያም ስለ እርሱ ለሰው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ያለውን ሁሉ ለድሆች ያካፈለ፣ ሥጋውን እንኳ ለእሳት የሰጠ ሰው ያለ ፍቅር ምንም እንደማይጠቀም ነግሯቸዋል። ቶማስ አኵይናስ ፍቅር ለሌሎቹ ምግባራት ሁሉ መልክ የሚሰጥ እንደሆነ አስተማረ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ደግሞ ይህ ጥሪ ለመነኮሳት ብቻ እንዳልሆነ፣ ነጋዴውም እናቲቱም ወደዚሁ የፍቅር ፍጹምነት እንደተጠሩ ገለጸ።

ጽሕፈት ቤቱ ይህን ትምህርት ወደ መመዘኛ ለውጦታል። የመለኪያው አባት ፕሮስፔሮ ላምበርቲኒ ነው። በሕዝቡ ዘንድ «የሰይጣን ጠበቃ» የሚባለውን የእምነት አስከባሪነት ሥራ ለብዙ ዓመታት የሠራ፣ በ1740 ር.ሊ.ጳ. ቤኔዲክቶስ ዐሥራ አራተኛ የሆነው ሰው። ከእሱ የተወረሰው መስፈርት ምግባሩ «በጀግንነት ደረጃ» መሆን አለበት ይላል፦ ሰውየው መልካሙን ነገር ፈጥኖ፣ ሳይከብደው፣ በደስታ ያደርገው እንደነበር፤ ይህም አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን በጸና ልማድ እንደሆነ መረጋገጥ አለበት። ጥርስን ነክሶ አንድ ጊዜ የተደረገ ትልቅ ሥራ በዚህ ሚዛን ላይ ቀላል ነው። በየዕለቱ ያለ ማጉረምረም የተደረገ ትንሽ ሥራ ይከብዳል። መስፈርቱ ጥሩ ነው፤ ሦስት መቶ ዓመት ሊሆነው ቢቃረብም አላረጀም።

የተሰበሰበው ማስረጃ ሲደራጅ ግን ችግር ይመጣል። ሮም ላይ የሚታተመው ትልቅ ጥራዝ፣ ፖዚሲዮ የሚሉት፣ ምግባራትን በምዕራፍ በምዕራፍ ይከፋፍላል። እምነት፣ ተስፋ፣ ፍቅር ለእግዚአብሔር፣ ፍቅር ለባልንጀራ፤ ከዚያ ማስተዋል፣ ፍትሕ፣ ብርታት፣ ራስን መግዛት፤ ከዚያ ድህነት፣ ንጽሕና፣ ታዛዥነት፣ ትሕትና። ፍቅር ለሁሉም መልክ የሚሰጥ ከሆነ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ እንዴት ይታጠራል? ውጤቱ የታወቀ ነው፤ አንዱ ታሪክ፣ ለምሳሌ አንዲት መነኩሲት ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ አጠገብ መቀመጧ፣ በፍቅርም በብርታትም በትሕትናም ሥር እየተገለበጠ ይጻፋል። ጥሩ አዘጋጅ የፍቅርን ምዕራፍ ግንድ አድርጎ ሌሎቹን ቅርንጫፍ ያደርጋል። ሰነፉ አዘጋጅ ጥቅሶቹን ገልብጦ ያባዛል፤ አንባቢው መርማሪም ይሰለቻል።

ሀገረ ስብከት፦ የአገልግሎቱ ምርጥ ክፍል

ሥራው የሚጀመረው ሰውየው ባረፈበት ሀገረ ስብከት ነው። ከዕረፍቱ በኋላ ቢያንስ አምስት ዓመት መጠበቅ ግድ ነው፤ ይህን የሚያነሣው ር.ሊ.ጳ. ብቻ ነው። ከ30 ዓመት በላይ ከቆየ ደግሞ መዘግየቱ በተንኮል ወይም በማታለል እንዳልሆነ ማስረዳት ይጠበቃል። አመልካቹ (ቁምስና፣ ማኅበር ወይም ግለሰብም ሊሆን ይችላል) ፖስቱላቶር ይሾማል፤ ይህ የጉዳዩ ጠበቃና ተከታታይ ነው። ፖስቱላቶሩ ለጳጳሱ ማመልከቻ ሲያስገባ የሕይወት ታሪክ፣ የታተሙ ጽሑፎች ካሉ ቅጂያቸውን፣ እንዲሁም የምስክሮች ዝርዝር ያያይዛል። ጳጳሱ የአካባቢውን ጳጳሳት ያማክራል፤ ጉዳዩን በአዋጅ ለምእመናን ያሳውቃል፤ ሮምን «የሚከለክል ነገር አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጽሑፎቹን ሁለት የነገረ መለኮት አዋቂዎች ለየብቻቸው ያነባሉ። ቢያንስ ሦስት አባላት ያሉት የታሪክ ኮሚሽን ያልታተመውን ሁሉ ይሰበስባል፦ ደብዳቤ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ የክስ መዝገብ ካለም የክስ መዝገብ። ለሰውየው የማይመች ወረቀት መደበቅ ጉዳዩን ይገድላል። አመልካቾች ይህን አምነው የሚቀበሉት በጭንቅ ነው።

ከዚያ ችሎቱ ይቀመጣል፤ የጳጳሱ ወኪል፣ የፍትሕ አስከባሪና ጸሐፊ። ሁሉም ምሥጢር ለመጠበቅና ሥራቸውን በታማኝነት ለመፈጸም ይምላሉ። ጥያቄዎቹን የሚያዘጋጀው የፍትሕ አስከባሪው ነው፤ የጉዳዩ ጥራት የሚወሰነውም እዚህ ወረቀት ላይ ነው ብንል አናጋንንም።

መጥፎ ጥያቄ መልሱን ይዞ ይመጣል። «አባታችን ደግና ርኅሩኅ ነበሩ?» ተብሎ የተጠየቀ ምስክር «አዎ፣ በጣም» ብሎ ይሄዳል፤ ሃያ ሰው ሃያ ጊዜ ይህን ብሎ ቢፈርም ሮም ላይ ዋጋ የለውም። ጥሩ ጥያቄ ምስክሩን ወደ አንድ ቀን፣ ወደ አንድ ክፍል ይወስደዋል። አብረዋቸው ከኖሩት ሰዎች የማይስማማቸው ማን ነበር? እሱ ሲታመም ምን አደረጉ? ሲሳደቡ ሰምተዋል? ከተሳደቡ በኋላስ? ገንዘብ ሲገባቸው በስንት ቀን ወጣ፣ ለማንስ? ጸሎት የደረቀባቸው ጊዜ እንደነበር ነግረዋችሁ ያውቃሉ? ያን ጊዜ የጸሎት ሰዓታቸውን አሳጠሩት ወይስ እንደ ነበረ ጠበቁት? እያንዳንዱን መልስ «ይህን እንዴት አወቁ?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል፤ ምክንያቱም በዓይን ያየና ከሰው የሰማ ምስክር ሚዛናቸው አንድ አይደለም።

የጥያቄዎቹ አቅጣጫ ልብ ሊባል ይገባል። ስለ ሥራው ብዛት ሳይሆን ሥራው ከየት እንደሚመነጭ ነው የሚያጣሩት። ቁምስናዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የተሠራ ትምህርት ቤት፣ የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ፣ የተከፈተ ክሊኒክ ዘርዝረው «ይኸው ፍቅራቸው» ይላሉ። ጎበዝ የፕሮጀክት አስተባባሪም ይህን ሁሉ ይሠራል፤ ደመወዝም ይከፈለዋል። ክሊኒኩ ገንዘብ አጥሮት ሊዘጋ ሲል፣ ወይም ማኅበሩ ወደ ሌላ ቦታ ሲያዛውራቸው፣ ምን ሆኑ? ሥራውን ለእግዚአብሔር ይሠራ የነበረ ሰው ሲነጠቅ ያዝናል እንጂ አይመርርም። መዝገቡ እንዲህ ያለ ቀን ከሌለበት ፍቅር ለእግዚአብሔር የሚለው ምዕራፍ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ በስብከት ቃላት ይሞላል። ሮም ያሉ አማካሪዎች ደግሞ የስብከት ቃል ሲያዩ ያውቃሉ።

ሥራውን የሚያበላሹ ሌሎች ነገሮችም አሉ። የምስክሮቹ ቃል ቃል በቃል አንድ ዓይነት ከሆነ አንድ ሰው እንዳስጠናቸው ይጠረጠራል። ኑዛዜ የተቀበለ ካህን በኑዛዜ ስለሰማው መመስከር አይችልም፤ ቤተሰብ ግን በዝርዝሩ ራስ ላይ የሚያስቀምጠው ንስሐ አባቱን ነው። ስሙ በሕዝቡ ዘንድ በራሱ የተሰማ መሆን አለበት፤ በቢልቦርድና በማስታወቂያ ከተፈጠረ ዝናው አይቆጠርም። ከሁሉ የከፋው ያለጊዜው የሚደረግ አምልኮ ነው። ጽሕፈት ቤቱ በሕዝብ ፊት የተደረገ አክብሮት እንደሌለ ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ ችሎቱ መቃብሩንና የኖረበትን ክፍል ሄዶ ያያል። ሥዕሉ ላይ አክሊለ ብርሃን ተሥሎ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰቅሎ፣ ሻማ በርቶለት ከተገኘ ጉዳዩ ይቆማል። በቤት ውስጥ በግል መማለድ ግን አልተከለከለም፤ እንዲያውም የዝናው ማስረጃ ነው።

አንድ ጠቃሚ ፈቃድ ብዙ ሰው አያውቀውም። ምስክሩ ሽማግሌ ወይም በሽተኛ ከሆነ፣ ማስረጃው እንዳይጠፋ ተብሎ ሌላው ሂደት ሳይጠናቀቅ ቃሉን መቀበል ይቻላል። የሀገራችን ቁምስናዎች ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ቢይዙ ይህን ይያዙ። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው እናቶች የሚያውቁትን የሚጽፍ ሰው እስኪገኝ ድረስ አይቆዩም።

ቋንቋና ገንዘብ

ሮም መዝገብ የምትቀበለው በላቲን፣ በጣልያንኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽና በፖርቱጋልኛ ነው። ግዕዝ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ አልተካተቱም። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ወይም ከኤርትራ የሚሄድ ጉዳይ እያንዳንዱ ገጽ በማለ ተርጓሚ መተርጎም አለበት። ጥያቄው የወጪ ብቻ አይደለም። «ሆዳቸው ባዶ ነበር» ያለች ምስክር ቂም አልነበራቸውም ለማለት ይሁን ተርበው ነበር ለማለት፣ ተርጓሚው አጥርቶ ካልጻፈው ስለ ፍቅር የተሰጠው ቃል ስለ ጾም የተሰጠ ሆኖ ሮም ይደርሳል። ዋናው ቅጂ በሀገረ ስብከቱ መዝገብ ቤት ታሽጎ ስለሚቀር በኋላ ማመሳከር ይቻላል፤ ግን ማን ያመሳክራል?

ወጪውን የሚሸፍነው አመልካቹ ነው፤ ለፖስቱላቶር፣ ለተርጓሚ፣ ለታሪክ ባለሙያ፣ ለኅትመት፣ ተአምር ከመጣ ለሐኪሞች። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2016 ባጸደቁት ደንብ ለእያንዳንዱ ጉዳይ የራሱ ሂሳብና አስተዳዳሪ እንዲኖረው፣ በጀትና የሂሳብ ሪፖርት እንዲቀርብ ተደርጓል፤ አቅም ለሌላቸው ደግሞ የመረዳጃ ፈንድ አለ። የሐኪሞቹ ክፍያ በባንክ ዝውውር ብቻ እንዲሆን ታዟል፤ እጅ በእጅ የለም። ይህ መልካም ለውጥ ነው። ያም ሆኖ መዛባቱ አልጠፋም። ትልቅ ገዳማዊ ማኅበር መዝገብ ቤት አለው፣ ሮም ውስጥ ቤት አለው፣ በየዓመቱ ሮም በሚሰጠው የፖስቱላቶርነት ኮርስ የሚያስቀምጠው ካህን አለው። ባሏን ሃያ ዓመት አስታማ የሞተች የገጠር ሴት ግን ማኅበር የላትም። በጽሑፍ የተጠራው ሁሉም ሰው ነው፤ ቅዱስ ተብሎ በመሠዊያ ላይ የወጣው ግን በብዛት መነኩሴና የማኅበር መሥራች ነው። ይህን የሚያመጣው ትምህርቱ አይደለም፤ የአገልግሎቱ አሠራር ነው።

ሮም

እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። መዝገቡ ታሽጎ ይደርሳል፤ በሕጉ መሠረት መሠራቱ ይረጋገጣል፤ አንድ ተቆጣጣሪ ተመድቦለት ፖዚሲዮው ይዘጋጃል። ጉዳዩ የቆየ ከሆነ የታሪክ አማካሪዎች ያዩታል። ከዚያ የነገረ መለኮት አማካሪዎች ድምፅ ይሰጣሉ፣ ካርዲናሎችና ጳጳሳት ይመክራሉ፣ ር.ሊ.ጳ. ያጸድቃሉ። በዚህ ጊዜ ሰውየው «ክቡር» ይባላል፤ ማለትም ፍቅሩ በጀግንነት ደረጃ እንደነበር ተረጋገጠ። ብፁዕ ለመባል አንድ ተአምር፣ ቅዱስ ለመባል ከዚያ በኋላ የተደረገ ሌላ ተአምር ይፈለጋል። ሰማዕት ለብፅዕና ተአምር አያስፈልገውም።

ሚዛኑ በትልቅ ስም ላይ ሲሞከር

የኮልካታዋ ማዘር ቴሬዛ ጉዳይ የአገልግሎቱን ጥንካሬም ድካምም አንድ ላይ ያሳያል። በመስከረም 1997 ዐረፉ፤ የአምስት ዓመቱ ጥበቃ ተነሣላቸውና ምርመራው በ1999 ተጀመረ። በጥቅምት 2003 ብፅዕት፣ መስከረም 4 ቀን 2016 ቅድስት ተባሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ መሥሪያ ቤት ሩጫ ነው።

ጥንካሬው በደብዳቤዎቹ ታየ። ለመንፈሳዊ አባቶቻቸው የጻፏቸውና እንዲቃጠሉ የለመኑባቸው ደብዳቤዎች በምርመራው ሲሰበሰቡ፣ ለአሥርት ዓመታት የእግዚአብሔር መኖር እንዳልተሰማቸው፣ በውስጣቸው ጨለማና ባዶነት እንደነበር ወጣ። ለችኩል አንባቢ ይህ ጉዳዩን የሚያፈርስ ማስረጃ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ግን የቆየ ሚዛን ነበረው፦ ፍቅር በፈቃድ የሚኖር ነገር ነው፤ ስሜት ይመጣል፣ ይሄዳል። ስለዚህ የተጠየቀው ምን ተሰማቸው የሚለው አልነበረም፤ በጨለማው ውስጥ ምን አደረጉ የሚለው ነው። ጸሎታቸውን አልተዉም፤ በማኅበሩ ቤቶች በቅዱስ ቁርባን ፊት የሚደረገው የየዕለቱ ሰዓት አልቀረም፤ የሚሞተውን ሰው ማንሣት አልተቋረጠም። ምንም ሳይቀምሱ ያን ያህል ዓመት መውደድ፣ በላምበርቲኒ ሚዛን፣ ከማንኛውም ራእይ ይከብዳል። ምርመራው ባይኖር ይህን ማን ያውቅ ነበር?

ድካሙ ደግሞ ለባልንጀራ የሚሆነውን ፍቅር በተመለከተ ነው። በ1994 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አዘጋጁ ሮቢን ፎክስ በኮልካታ የሚሞቱ ሰዎች ቤት ውስጥ የምርመራ ጉድለትና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ አለመኖሩን ጽፎ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ተቃዋሚን አልሸሸም፤ እሳቸውን በመንቀፍ የታወቀው ጋዜጠኛ ክሪስቶፈር ሂችንስ ሳይቀር በአሜሪካ ተጠርቶ ቃሉን ሰጥቷል። ይህ ያስመሰግናል። ይሁንና ርኅራኄ የሞርፊን ምትክ አይሆንም፤ ለባልንጀራ የሚሆን ፍቅር በማስተዋል ካልተመራ ሕመምተኛውን ይጎዳል። ምግባራት በየምዕራፋቸው ሲቆራረጡ እንዲህ ያለው ጥያቄ በፍቅርና በማስተዋል ምዕራፎች መካከል ሊወድቅ ይችላል፤ ከላይ የነቀፍነው አከፋፈል እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ቅድስና የአስተዳደር ብቃት ምስክር ወረቀት እንዳልሆነ ጽሕፈት ቤቱ በይፋ ቢናገር ለብዙ ክርክር መድኃኒት በሆነ ነበር።

በ2017 የተከፈተው በር

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የተለመዱት ዋና መንገዶች ሁለት ነበሩ፤ ሰማዕትነትና የጀግንነት ምግባር። የፖላንዳዊው ካህን የማክሲሚሊያን ኮልቤ ጉዳይ በሁለቱ መካከል ተንገላታ። ኮልቤ በ1941 በናዚዎች የኦሽዊትዝ ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ በረኃብ እንዲሞት በተፈረደበት የቤተሰብ አባት ፈንታ ገብቶ ሞተ። ሰማዕት ለመባል ገዳዩ እምነትን ጠልቶ መግደሉ መረጋገጥ አለበት፤ ታዲያ የገደሉት እምነቱን ጠልተው ነው ወይስ እንደ ማንኛውም እስረኛ ከተርታው ቆጥረው? በ1971 ብፁዕ ሲባል በምግባሩ እንጂ እንደ ሰማዕት አልነበረም፤ ጳውሎስ ስድስተኛ ግን «የፍቅር ሰማዕት» አሉት። በጥቅምት 1982 ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ቅዱስ ሲሉት ሰማዕት ብለው ነው፤ የዳነው ሰውም በቦታው ነበር።

ይህን ክፍተት የሞላው ፍራንቸስኮስ ሐምሌ 11 ቀን 2017 ያወጡት ሕግ ነው። ሕይወትን ስለ ፍቅር መስጠት ራሱን የቻለ መንገድ ሆነ። ሰውየው በነጻ ፈቃዱ፣ ስለ ፍቅር ብሎ፣ የማይቀርና ያለጊዜው የሚመጣ ሞትን መቀበሉ፣ መስጠቱና ሞቱ የተያያዙ መሆናቸው፣ ከዚያ በፊት ቢያንስ በተለመደው ደረጃ ክርስቲያናዊ ምግባር እንደነበረው መታየት አለበት። ተአምር ግን ያስፈልጋል። አዲሱ መንገድ የሚጠቅመው በተለይ የዕድሜ ልክ ማስረጃ ለሌላቸው ነው፤ በወረርሽኝ ጊዜ በሽተኛ ትቶ ያልሸሸ ነርስ ሃያ ቅጽ ማስታወሻ አያስፈልገውም። ከጽሕፈት ቤቱ ማሻሻያዎች ሁሉ ለትምህርቱ የቀረበው ይህ ነው እንላለን።

መጋቢት 4 ቀን 2016 በየመን ዓደን፣ የማዘር ቴሬዛ ማኅበር በሚያስተዳድረው የአረጋውያን ቤት ታጣቂዎች ገብተው አራት ደናግልንና ሌሎች ሠራተኞችን ሲገድሉ ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። እንዲህ ያለ ሞት በየትኛው በር እንደሚገባ የሚወስነው የገዳዩ ዓላማ ማስረጃ ነው። እምነትን በመጥላት መሆኑ ከተረጋገጠ ሰማዕትነት፤ ካልተረጋገጠና አደጋውን እያወቁ ለአረጋውያኑ ሲሉ መቅረታቸው ከታየ አዲሱ መንገድ። ለዚህም የሚያስፈልገው ለቤተሰብ የተላከ የስልክ መልእክት፣ «ውጡ» ሲባሉ የመለሱት ቃል፣ የተረፈ ሰው ምስክርነት ነው። ስልክ ሲቀየር መልእክቱ አብሮ ይጠፋልና ቤተሰብ ሳይዘገይ አትሞ ቢያስቀምጥ ይሻላል።

ተአምሩና የእኛ ፋይል

በአገራችን ያገለገሉት ጣልያናዊ የካቶሊክ ሚስዮናዊ ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ፣ አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው፣ በ1860 ዐርፈው ቅዱስ የተባሉት በ1975 ነው፤ 115 ዓመት። በእስራት ሳሉ በ1855 ያረፉት ደቀ መዝሙራቸው አባ ገብረ ሚካኤል በ1926 እንደ ሰማዕት ብፁዕ ተብለዋል፤ ቅዱስ ግን ገና አልተባሉም። የፍቅራቸው ምርመራ አልቋል። የቀረው ከ1926 በኋላ በእሳቸው አማላጅነት የተደረገና የተረጋገጠ ተአምር ነው፤ እሱም በአብዛኛው ፈውስ ነው።

ፈውስ አገኘን የሚሉ ሰዎች በኢትዮጵያም በኤርትራም ጥቂት አይደሉም። የሚጎድለው ወረቀት ነው። በ2016 በወጣው ደንብ የሐኪሞቹ ቦርድ ሰባት አባላት አሉት፤ ስድስት ካልተገኙ አይቀመጥም፤ ለማለፍ ከሰባት አምስት ወይም ከስድስት አራት ድምፅ ያስፈልጋል፤ አንድ ፈውስ ከሦስት ጊዜ በላይ አይመረመርም። ቦርዱ ስለ እግዚአብሔር አይጠየቅም። የሚጠየቀው በሽታው ምን እንደነበር፣ ፈውሱ ፈጣን፣ ሙሉና ዘላቂ መሆኑ፣ ሕክምና ሊያስረዳው መቻል አለመቻሉ ነው። ጸሎቱና ፈውሱ መያያዛቸውን የሚያዩት የነገረ መለኮት አማካሪዎች ናቸው።

ስለዚህ ፈውስ ተገኘ ሲባል መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሆስፒታሉ መዝገብ ክፍል ነው። ከፈውሱ በፊት የተነሣ ራጅ ወይም ሲቲ ስካን፣ የባዮፕሲ ውጤት፣ የተሰጡ መድኃኒቶች ከነመጠናቸውና ከነቀናቸው፣ ሐኪሙ ተስፋ የለውም ያለበት ማስታወሻ፤ ከፈውሱ በኋላ ደግሞ በዚያው ዓይነት መሣሪያ የተደረገ ምርመራ፣ ከዚያም በየጊዜው የሚደገም ክትትል። ጸሎቱ መቼ እንደተጀመረ፣ ማን እንደጸለየ፣ ለማን እንደተማለደ በዚያው ሳምንት ይጻፍ። ታማሚው ለአባ ገብረ ሚካኤልም፣ ለቅድስት ሪታም፣ ለቅዱስ ገብርኤልም እኩል ተስሎ ከሆነ ፈውሱ የማን እንደሆነ መለየት ስለማይቻል ፋይሉ ብዙ አይራመድም። የምርመራው ባለሥልጣን ፈውሱ የተደረገበት ቦታ ጳጳስ ነው እንጂ አባ ገብረ ሚካኤል ያረፉበት ቦታ አይደለም፤ ዋሺንግተን ውስጥ የተፈወሰ ሰው ጉዳይ ዋሺንግተን ይታያል። እውነቱን ለመናገር የሕክምና መዝገብ በሥርዓት የሚቀመጠው እዚያ ስለሆነ፣ በውጭ ያሉት የግዕዝ ሥርዓት የሚከተሉ የካቶሊክ ማኅበረሰቦች ለዚህ ፋይል ከአገር ቤቱ የቀረበ ዕድል አላቸው።